በሲዲ ላይ ድምፅ በቍጥር የሚጻፍበት አሠራርና ለድምፅ ጥራት ያለው ውጤት

መግቢያ

ከጓደኞቻችን አንዱ ባለፈው ዓመት ከዕረፍት ሲመለስ አንድ ሲዲ ይዞ መጣ። በሲዲው ላይ ያለው የሟች አያቱ የበገና ድርደራ ነው። እኒህ አዛውንት በሕይወት ሳሉ በዐቢይ ጾም ሲደረድሩ ቤተ ሰቡ በካሴት ቀርጾ አስቀምጦት ነበር። ካሴቱ እያረጀ በመሄዱ ወደ አንድ የቅጂ ሱቅ ተወስዶ ወደ ሲዲ ተገለበጠ፤ ከተገለበጠም በኋላ «እንግዲህ በሲዲ ላይ አለ፥ ለዘለዓለም አይበላሽም» ተብሎ ካሴቱ ተጣለ። ነገር ግን ሲዲው ሲሰማ ወፍራሙ የበገና አውታር በተነካ ቍጥር ድምፁ ይሰነጠቃል። ጓደኛችንም «ሲዲ ጥራት አለው ይባል የለምን? ታዲያ ይህ ከምን የመጣ ነው?» ሲል ጠየቀን።

በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ጥፋቱ የካሴቱ ነው አልን፤ ሌሎቻችን ሲዲ ድምፅን በቍጥር እየቈራረጠ ስለሚጽፍ መሰንጠቁ ከተፈጥሮው ነው አልን፤ ከፊሎቻችንም የማጫወቻውን መሣሪያ ወቀስን። ክርክሩ በግምት የማያልቅ መሆኑን በተረዳን ጊዜ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተስማማን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ውጤት ነው። ዓላማውም ድምፅ በሲዲ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፥ በየደረጃው ምን ሊጠፋ እንደሚችልና ምን እንደማይጠፋ ለይቶ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንወዳለን።

፩. ድምፅ ወደ ቍጥር የሚለወጥበት መንገድ

ድምፅ የአየር ግፊት ማዕበል ነው። ማይክሮፎን ይህን ግፊት ተቀብሎ፥ ግፊቱ ከፍ ሲል ከፍ፥ ዝቅ ሲል ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ያወጣል። በሸክላ ላይ ይህ ሞገድ በቦዩ ጠመዝማዛነት ይቀረጻል፤ በካሴት ክር ላይ ደግሞ በመግነጢስ ኀይል መጠን ይቀረጻል። በሁለቱም ዘንድ የተቀረጸው ነገር የሞገዱን መልክ ራሱን ተከትሎ ስለሚሄድ፥ የዕቃው ጕድለት ሁሉ የድምፁ ጕድለት ይሆናል። በሸክላው ቦይ ውስጥ አቧራ ቢገባ አቧራው ይሰማል፤ የክሩ ቅባት ሻካራ ቢሆን ሻካራነቱ «ሽሽ» እያለ ይሰማል።

ሲዲ ከእነዚህ የሚለየው የሞገዱን መልክ ሳይሆን የሞገዱን ልክ በመጻፉ ነው። የሞገዱ ከፍታ በየጊዜው እየተለካ በቍጥር ይመዘገባል፤ ቍጥሮቹም በማጫወቻው ውስጥ እንደ ገና ወደ ሞገድ ይመለሳሉ። ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ለስልክ ሥራ አስቦ ያወጣው በፓሪስ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ ሲሆን፥ ጊዜውም 1937 እና 1938 ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የነበሩት የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ለዚህ ሥራ ስላልበቁ ሐሳቡ ብዙ ዓመት መቈየት ግድ ሆነበት። ወደ ቤት ዕቃነት የተለወጠው የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ በ1980 የጋራ ደንብ ካወጡ በኋላ ነው። ደንቡ ከሽፋኑ ቀለም የተነሣ «ቀይ መጽሐፍ» ይባላል። የመጀመሪያው የሲዲ ማጫወቻም በጥቅምት ወር 1982 በጃፓን ለገበያ ቀረበ።

በዚህ ደንብ መሠረት የሞገዱ ከፍታ በያንዳንዱ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት፥ ማለት በ16 የዜሮና የአንድ ምልክቶች ይጻፋል፤ ይህም 65,536 የተለያዩ ደረጃዎችን ይሰጣል፤ እነርሱም ከ32,768 ታች ጀምሮ እስከ 32,767 ላይ ይደርሳሉ። ለቀኝና ለግራ ጆሮ ሁለት መሥመር ስላለ፥ 44,100 በ16፥ ያም በ2 ሲባዛ በሴኮንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። እንግዲህ የጥራት ጥያቄ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው፥ በሴኮንድ ይህን ያህል ጊዜ መለካት ይበቃል ወይ? ሁለተኛው፥ የመለኪያው ደረጃ በቂ ደቃቅነት አለው ወይ? የሚሉት ናቸው።

፪. ስንት ጊዜ መለካት ይገባል?

ለጀማሪ የሚመስለው፥ ሞገዱ በነጥብ በነጥብ ከተለካ በነጥቦቹ መካከል ያለው ይጠፋል የሚል ነው። እኛም መጀመሪያ እንደዚሁ አስበን ነበር። ነገር ግን ሐሳቡ ስሕተት ነው። በጂኦሜትሪ ትምህርት እንደምናውቀው፥ የምንፈልገው ነገር ክብ መሆኑን አስቀድመን ካወቅን፥ ሦስት ነጥብ ብቻ ቢሰጠን በእነዚያ ነጥቦች የሚያልፈው ክብ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ቀሪውን በሙሉ ያለ ግምት ለመሣል እንችላለን። ማንም ሰው «በሦስቱ ነጥቦች መካከል ያለው የክቡ ክፍል ጠፍቷል» አይልም። የድምፅም ነገር እንዲሁ ነው። ሞገዱ ከተወሰነ የንዝረት ፍጥነት በላይ ምንም እንደሌለው ካረጋገጥንና ከዚያ ፍጥነት እጥፍ በሚበልጥ ቍጥር ከለካነው፥ በነጥቦቹ የሚያልፈው ሞገድ አንድ ብቻ ነው። ይህን መሠረተ ሐሳብ ሃሪ ናይኩዊስት በ1928 ለቴሌግራፍ ሥራ አመለከተው፤ ቭላዲሚር ኮተልኒኮቭ በ1933 በሩስያ፥ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 በአሜሪካ በተሟላ ሁኔታ ጻፉት። በአንዳንድ መጻሕፍት የሲዲ ድምፅ እንደ ደረጃ ተሰባብሮ ተሥሎ የምናየው ሥዕል አሳሳች ነው፤ ከማጫወቻው ማጣሪያ የሚወጣው ሞገድ ለስላሳ እንጂ ደረጃ አይደለም።

የሰው ጆሮ የሚሰማው በወጣትነት እስከ 20,000 ኸርዝ ያህል ነው፤ ዕድሜ ሲጨምርም ይህ ወሰን እየወረደ ይሄዳል። የ44,100 ግማሽ 22,050 ስለ ሆነ፥ ጆሮ የሚሰማው ሁሉ በሲዲው ወሰን ውስጥ ይገባል፤ ጥቂት ትርፍም ይቀራል።

ነገር ግን አንድ ብርቱ ግዴታ አለ። ከ22,050 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ከመለካቱ በፊት በማጣሪያ መወገድ አለበት። ይህ ባይደረግ ከወሰኑ በላይ ያለው ድምፅ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ 30,000 ኸርዝ ያለው ንዝረት ያለ ማጣሪያ በ44,100 ቢለካ፥ የሚመዘገበው ልዩነቱ፥ ማለት 14,100 ኸርዝ ነው። ጆሮ የማይሰማው ነገር ጆሮ የሚሰማው ሆኖ ይመጣል። በሲኒማ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ከገባም በኋላ ከእውነተኛው ድምፅ የሚለይበት ምልክት ስለሌለው ማንም ሊያወጣው አይችልም።

ቍጥሩ 40,000 ወይም 45,000 ሳይሆን 44,100 የሆነበትን ምክንያት ፈልገን ያገኘነው መልስ ለእኛ ያልተጠበቀ ነበር። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ብዛት ያለው ቍጥር ለመቅረጽ የሚችለው መሣሪያ የቴሌቪዥን ሥዕል መቅረጫ ቪዲዮ ነበር። በያንዳንዱ የሥዕል መሥመር ላይ 3 ልኮች ይጻፉ ነበር። በአሜሪካና በጃፓን አሠራር 245 መሥመር በ60 ሥዕል በ3 ሲባዛ 44,100 ይሆናል፤ በአውሮጳ አሠራር ደግሞ 294 በ50 በ3 ሲባዛ ያው 44,100 ይመጣል። እንግዲህ ይህ ቍጥር ከጆሮ ወሰን በላይ መሆኑ ቢታሰብበትም፥ ልኩን በትክክል የወሰነው የቴሌቪዥን ክር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ችግር የፈጠረው ማጣሪያው ነበር። ከ20,000 እስከ 22,050 ባለው ጠባብ ቦታ ሁሉን ነገር ቈርጦ ለመጣል የተሠሩት ከባድ የኤሌክትሪክ ማጣሪያዎች፥ በላይኛው የድምፅ ክፍል ላይ የሞገዶችን ቅደም ተከተል ያዛቡ ነበር። ፊሊፕስ ይህን ለማስወገድ ቍጥሮቹን በማጫወቻው ውስጥ በስሌት አራት እጥፍ አብዝቶ፥ ማለት በሴኮንድ 176,400 አድርጎ፥ ቀላል ማጣሪያ እንዲበቃ አደረገ። ዛሬ ይህ ብልሃት በየማጫወቻው ውስጥ ያለ የተለመደ ነገር ነው።

፫. የመለኪያው ደቃቅነት

ሁለተኛው ጥያቄ ማጠጋጋትን የሚመለከት ነው። ሞገዱ በሁለት ደረጃዎች መካከል ሲውል ወደ ቅርቡ ይጠጋጋል፤ ስሕተቱም ከግማሽ ደረጃ አይበልጥም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቢት ደረጃዎቹን በእጥፍ ስለሚያበዛ፥ በድምፁና በስሕተቱ መካከል ያለው ርቀት በ6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። በ16 ቢት ከፍተኛው ድምፅ ከማጠጋጋት ስሕተት 98 ዴሲቤል ያህል ይርቃል። ይህ ከሸክላም ከካሴትም በብዙ የላቀ ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት ለከፍተኛ ድምፅ ብቻ የሚሠራ ነው። ድምፁ ከከፍተኛው 60 ዴሲቤል ዝቅ ሲል ሞገዱ የሚጠቀመው ከ65,536 ደረጃዎች ውስጥ 65 ያህሉን ብቻ ነው። 90 ዴሲቤል ዝቅ ሲልማ የሚቀሩት ሦስት ደረጃዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም አንድ፥ ዜሮና ከዜሮ በታች አንድ ናቸው። በዚህ ጊዜ ለስላሳው ሞገድ ማዕዘን ያለው ሣጥን ይሆናል። የበገና አውታር ከተነካ በኋላ ድምፁ ቀስ በቀስ እየሞተ ሲሄድ፥ ጭራው መጀመሪያ ሻካራ ይሆናል፤ ከዚያም በድንገት ይቈረጣል። እዚህ ላይ ስሕተቱ ጸጥ ያለ ሽውታ ሳይሆን ድምፁን እየተከተለ የሚለዋወጥ ብልሽት ስለ ሆነ ጆሮን ይቈረቍራል።

ለዚህ የተገኘው መድኀኒት ሲሰሙት የሚያስገርም ነው። ድምፁ ከመጠጋጋቱ በፊት ጥቂት ሽውታ፥ ማለት ሥርዐት የሌለው ድምፅ ሆን ተብሎ ይጨመርበታል። ባለሙያዎች ይህን «ዲዘር» ይሉታል። ሽውታ በመጨመር ጥራት እንዴት ይገኛል? ብለን ስንጠራጠር፥ በወረቀት ላይ ሠርተን አየነው። የሞገዱ ከፍታ 0.3 ደረጃ ነው እንበል። ዘወትር ወደ ዜሮ ስለሚጠጋጋ ሺሕ ጊዜ ቢለካ ሺሕ ጊዜ ዜሮ ነው፤ 0.3 መሆኑ ፈጽሞ ጠፋ። አሁን በያንዳንዱ ልክ ላይ ከግማሽ በታች እስከ ግማሽ በላይ የሆነ የዕጣ ቍጥር እንጨምር። ድምሩ ከ0.5 የሚያልፈው ዕጣው ከ0.2 በላይ ሲሆን ነው፤ ይህም ከዐሥር ጊዜ በሦስቱ ይደርሳል። ስለዚህ ከዐሥር ልኮች ሰባቱ ዜሮ፥ ሦስቱ አንድ ይሆናሉ፤ አማካዩም 0.3 ነው። የጠፋው ተገኘ ማለት ነው። በሥራ ላይ የሚውለው ዲዘር ከዚህ ምሳሌ ጥቂት ሰፋ ያለ ነው፤ ዋጋውም ሽውታው በ5 ዴሲቤል ያህል ከፍ ማለቱ ነው። በዚህ ዋጋ ግን ብልሽቱ ይጠፋል፤ የበገናው ጭራም ሳይቈረጥ በሽውታው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰወራል። ከዚህም ሌላ ሽውታውን ጆሮ እምብዛም ወደማይሰማው ወደ ላይኛው የንዝረት ክፍል የሚገፋ ስሌት አለ።

እንግዲህ የመጠጋጋት ነገር በጥንቃቄ ከተሠራ ጕዳት የለውም። ዛሬ ቀረጻ የሚደረገው በ24 ቢት ነው፤ በመጨረሻ ወደ 16 ሲወርድ ትርፉን ቢት ዝም ብሎ መቍረጥ ስሕተት ነው፤ ዲዘር መጨመር ይገባል።

፬. የቍጥሩ ጣሪያ

አሁን ወደ ጓደኛችን ሲዲ እንመለስ። በሲዲው ላይ ያሉትን ቍጥሮች በኮምፒዩተር ከፍተን አንድ በአንድ ተመለከትናቸው። ወፍራሙ አውታር በተነካበት ቦታ ሁሉ ቍጥሮቹ ወደ 32,767 ይወጣሉ፤ እዚያም ሳይነቃነቁ ተከታትለው ይቈማሉ፤ ከዚያ ይወርዳሉ። በታችም በኩል እንዲሁ ነው። የሞገዱ ራስ በመጋዝ የተቈረጠ ይመስላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ32,767 በላይ ቍጥር የለም። ከዚያ የሚበልጥ ድምፅ ቢመጣ ሁሉም በአንድ ቍጥር ይጻፋል። የካሴት ክር ሲበዛበት ቀስ በቀስ እየጐበጠ ይሄዳል፤ ቍጥር ግን አይጐብጥም፤ እስከ ጣሪያው በትክክል ይሄድና እዚያ ላይ በአንድ ጊዜ ይቈረጣል። ጠፍጣፋ ራስ ያለው ሞገድ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ብዙ ንዝረቶችን ይወልዳል፤ እኛ ስንጥቅጥቅ ብለን የሰማነው እርሱን ነው።

በገና ከሌላው መሣሪያ ይልቅ ለዚህ ስሕተት የተጋለጠ ነው። በብርኩማውና በአውታሩ መካከል በሚገባው ቍራጭ ቆዳ ምክንያት በገና በተፈጥሮው የሚነዝር ድምፅ አለው፤ ስለዚህ ጆሮው ያልለመደ ገልባጭ ስንጥቅጥቁን የበገናው ጠባይ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን የበገና ነዘር አውታሩ ከተነካ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አብሮ ይቈያል፤ ያ ስንጥቅጥቅ ግን ድምፁ እጅግ በበረታበት ቅጽበት ብቻ መጥቶ ይጠፋል።

ጥፋቱ በካሴቱ ላይ የነበረ እንዳይሆን መጠየቅ ተገቢ ነው። በካሴቱ ላይ የደረሰ ጕዳት ቢሆን ኖሮ የሞገዱ ራስ በተለያየ ከፍታ ላይ በዙሪያው የዶለዶመ ይሆን ነበር። ሁሉም በአንድ ልክ፥ ያውም በቍጥሩ ጣሪያ ላይ መቈረጣቸው ጥፋቱ ከካሴቱ ወደ ቍጥር ሲለወጥ መፈጸሙን ያሳያል። ገልባጩ የድምፁን መጠን ከፍ አድርጎ ነበር ማለት ነው።

ይህን ያደረገው ድምፁ እንዲያምር ብሎ እንደ ሆነ እናስባለን፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚለው ሌላ ነው። መጠኑን በ10 ዴሲቤል ዝቅ ቢያደርገው ኖሮ፥ ከ98 ዴሲቤል ላይ 10 ሲነሣ 88 ይቀር ነበር፤ የጠፋውም ከሁለት ቢት ያነሰ ነው። የዚያ ዐይነት ካሴት ሽውታ ከዚህ ርቀት ብዙ ቀድሞ የሚሰማ ስለ ሆነ፥ ዝቅ በማድረግ የሚጠፋ ነገር ፈጽሞ አልነበረም። ከፍ በማድረግ ግን የማይመለስ ነገር ጠፋ።

ይህ ስሕተት በትንንሽ ሱቆች ብቻ የሚታይ አይደለም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ትልልቅ የሙዚቃ አሳታሚዎች የየራሳቸው ሲዲ ከሌላው ጮኾ እንዲሰማ ሲሉ ዝቅተኛውን ድምፅ እያነሡ፥ ከፍተኛውንም ከጣሪያው ጋር እያጋጩ ሲያትሙ ቈይተዋል። በ2008 ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ቡድን ያወጣው ሲዲ፥ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ከወጣው ያው ዘፈን ጋር ሲነጻጸር በድምፅ መጨናነቅ የተጐዳ መሆኑን አድማጮች ስላወቁ ብዙ ቅሬታ ተሰማ። የሁለቱም አጻጻፍ በቍጥር ነው፤ ጥራታቸውን የለየው የሰው ፈቃድ ነው።

፭. በዲስኩ ፊት ላይ ያለው ሁለተኛው አጻጻፍ

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ቍጥሮቹ ነው። ቍጥሮቹ በዲስኩ ላይ የሚቀመጡት ግን በቀጥታ አይደለም። ሲዲ 120 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። በአንድ ፊቱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚዞር አንድ ረጅም መሥመር አለ፤ በመሥመሩም ላይ ደቃቅ ጕድጓዶች ተቀርጸው በስስ አሉሚንየም ተሸፍነዋል። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕኛ 1.6 እጅ ነው። የሌዘር ብርሃን በፕላስቲኩ ውስጥ አልፎ ይህን መሥመር ያነባል። የጕድጓዱ ጥልቀት ከብርሃኑ ሞገድ ሩብ ጋር የተቀራረበ ስለ ሆነ፥ ከጕድጓዱ የሚመለሰው ብርሃን ከሜዳው ከሚመለሰው ጋር ተጋጭቶ ይደክማል።

ብዙ ሰው ጕድጓዱ አንድ፥ ሜዳው ዜሮ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። አንድ የሚባለው ጠርዙ ነው፤ ማለት ከሜዳ ወደ ጕድጓድ ወይም ከጕድጓድ ወደ ሜዳ የሚለወጥበት ቦታ ነው። ለውጥ የሌለበት ሁሉ ዜሮ ነው። ጠርዞቹ ከተቀራረቡ የብርሃኑ ነጥብ ሊለያቸው አይችልም፤ ከተራራቁም ማጫወቻው ጊዜውን ይስታል። ስለዚህ በሁለት አንዶች መካከል ከሁለት ያላነሱ ከዐሥርም ያልበለጡ ዜሮዎች እንዲኖሩ ተደነገገ። ይህን ለመፈጸም እያንዳንዱ ባለ 8 ቢት ክፍል ወደ 14 ቢት ይለወጣል። በ14 ቢት ሊጻፉ ከሚችሉት 16,384 ምልክቶች ውስጥ ደንቡን የሚያሟሉት 267 ናቸው፤ የሚፈለጉት ደግሞ 256 ስለ ሆኑ ይበቃል። በየመካከላቸው 3 ማያያዣ ቢት ይገባል። ይህን አሠራር የነደፈው የፊሊፕሱ መሐንዲስ ኬስ ኢሚንክ ነው።

አንዱ የጽሕፈት ክፍል እንዲህ ይሠራል። 24 ባይት የድምፅ ቍጥር፥ 8 ባይት ማረሚያና 1 ባይት የሰዓትና የዘፈን ቍጥር ማመልከቻ በድምሩ 33 ይሆናሉ፤ በ17 ሲባዙ 561 ቢት ነው። በዚህ ላይ 27 ቢት የመነሻ ምልክት ሲጨመር 588 ይሆናል። በሴኮንድ 7,350 እንዲህ ያለ ክፍል ስለሚነበብ፥ ከዲስኩ ላይ የሚመጣው 4,321,800 ቢት ነው። ድምፁ ግን 1,411,200 ብቻ ነው። እንግዲህ በዲስኩ ላይ ከተጻፈው ውስጥ ድምፅ የሆነው ሢሶው ያህል ነው፤ ቀሪው ድምፁ በደኅና እንዲደርስ የሚያጅብ ነው።

፮. ጭረትና ስሕተት ማረሚያ

የማረሚያው ሥርዐት የተመሠረተው ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን በ1960 ባወጡት የሒሳብ ዘዴ ላይ ነው። አሠራሩን በምሳሌ እንግለጸው። አንድ ሰው ረጅም መልእክት በብዙ መልእክተኞች እጅ ቢልክና ለያንዳንዱ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ቢሰጥ፥ አንዱ መልእክተኛ በመንገድ ቢቀር አንድ ዐረፍተ ነገር ይጠፋል። ነገር ግን ከያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ አንድ ፊደል ለያንዳንዱ ቢያከፋፍል፥ አንዱ ቢቀር ከየዐረፍተ ነገሩ አንድ ፊደል ብቻ ይጐድላል፤ እርሱንም በሒሳብ መመለስ ይቻላል። በሲዲም ላይ በድምፁ ጎን ለጎን ያሉት ቍጥሮች በዲስኩ ላይ ተበታትነው ስለሚጻፉ፥ ጭረት በአንድ ቦታ ብዙ ቢያጠፋ ጕዳቱ በብዙ ቦታ ላይ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ይከፋፈላል።

በዚህ ዘዴ እስከ 4,000 ቢት ያህል የሚደርስ፥ ማለት በመሥመሩ ላይ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጕድለት ፈጽሞ ይመለሳል። ፈጽሞ ስንል የተመለሰው ቍጥር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው ማለታችን ነው፤ ጥቂት የጭረት ምልክት ያለበት ዲስክና አዲስ ዲስክ አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ጕድለቱ ከዚህ ሲበልጥ ማጫወቻው የጐደለውን ልክ በጎረቤቶቹ አማካይ ይተካዋል፤ ከዚያም ሲብስ ድምፁን ይዘጋዋል። በአንድ ወቅት የሲዲን ዳር በአረንጓዴ ቀለም መቀባት ድምፁን ያሻሽላል ይባል ነበር፤ ቍጥሮቹ ያለ ቀለሙም ሳይጐድሉ ከተነበቡ ቀለሙ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከዚህ ሁለት ጠቃሚ ምክር ይገኛል። ሲዲ ሲጠረግ ከመካከል ወደ ዳር እንጂ በዙሪያው መጠረግ የለበትም፤ መሥመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ማረሚያው ከሚችለው በላይ ይሆናልና። ደግሞም ጽሑፍ ያለበት ፊት ከሚያብረቀርቀው ፊት ይልቅ ለጕዳት የቀረበ ነው፤ አሉሚንየሙ የሚገኘው ከዚያ ወገን በስስ ቅብ ሥር ነውና።

፯. ከሲዲ በላይና ከሲዲ በታች ስላሉት

በ1999 ፊሊፕስና ሶኒ በአንድ ቢት ብቻ፥ ግን በሴኮንድ 2,822,400 ጊዜ የሚለካ ሌላ ዲስክ አወጡ። ሌሎችም በ24 ቢት የሚጻፉ አሠራሮች መጥተዋል። ታዲያ የሲዲ አጻጻፍ ጐደሎ ነበርን? ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2007 ባሳተሙት ጥናት፥ አድማጮች ከፍ ያለውን ቅጂና እርሱኑ በሲዲ ልክ አልፎ የመጣውን እንዲለዩ ጠየቁ። ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276 ነበር፤ ይህ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም። በ2016 በለንደን ጆሹዋ ራይስ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ ደምሮ ሲመረምር ትክክሉ 52.3 በመቶ ሆኖ አገኘው። ልዩነት ቢኖርም እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው። የ24 ቢት ጥቅም ለማድመጥ ሳይሆን ለቀራጩ ነው፤ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ያለ ሥጋት ለመቅረጽ ሰፊ ቦታ ይሰጠዋልና።

በሌላው ወገን ኤምፒ3 አለ። በ128,000 ቢት ሲጻፍ ከሲዲው ዐሥራ አንደኛው እጅ ብቻ ይቀራል፤ ጆሮ አይሰማውም ተብሎ የተገመተው ሁሉ ይጣላል። ኤምፒ3ን ወደ ሲዲ መመለስ የተጣለውን አይመልሰውም። እንዲህ ያለው ዲስክ በመልኩ ሲዲ ነው፤ በይዘቱ ግን አይደለም።

መደምደሚያ

ይህ ነገር ለአገራችን የሩቅ ነገር አይደለም። ከ1997 ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፓሪስ ቡዳ ሙዚክ ያወጣቸው የ«ኢትዮፒክ» ሲዲዎች፥ አምሃ እሸቴና ሌሎች አሳታሚዎች በሸክላ ያወጡአቸውን የኢትዮጵያ ዘፈኖች ለዓለም አሰምተዋል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ግን ያልታተሙ የበገና፥ የመሲንቆ፥ የቅኔና የሽለላ ካሴቶች ገና ብዙ ናቸው። እነዚህ የሚገለበጡት አንድ ጊዜ ነው፤ ገልባጩ የሚሠራው ስሕተትም ከእነርሱ ጋር ይኖራል።

ስለዚህ ለሚገለብጡ ሁሉ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፥ ከከፍተኛው ድምፅ በላይ 10 ዴሲቤል ያህል ቦታ ይተው። ሁለተኛ፥ በ24 ቢት ይቅረጹ፤ ወደ 16 ሲያወርዱም ዲዘር ይጨምሩ። ሦስተኛ፥ በመካከል ኤምፒ3 አይግባ። አራተኛ፥ በቤት የሚጻፍ ሲዲ ብርሃንና ሙቀት የሚያደበዝዘው ቀለም ያለበት ስለ ሆነ፥ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ይነበብ። አምስተኛውና ዋነኛው፥ የመጀመሪያው ካሴት አይጣል።

የክርክራችን መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ጥፋቱ የካሴቱ አልነበረም፤ የማጫወቻውም፥ የቍጥር አጻጻፉም አልነበረም። የተቈረጠውን የሞገድ ራስ ከግራና ከቀኙ እየገመቱ የሚሞሉ የኮምፒዩተር ስሌቶች አሉ፤ በጓደኛችን ሲዲ ላይ ሞክረናቸው ስንጥቅጥቁ ጥቂት ለዝቧል። ነገር ግን የተሞላው የእኛ ግምት እንጂ የአዛውንቱ ጣት አይደለም። ጓደኛችን አሁን የዚያን ካሴት ቅጂ በሕይወት ሳሉ ወስዶ የነበረ ዘመድ ይኖር እንደ ሆነ በየአገሩ እያጠያየቀ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት የሚያገኙ መምህራኖቻችንና የትምህርት ጓደኞቻችን ቢያርሙን በምስጋና እንቀበላለን።